ከፍታና የጌጅ ንባብ፦ በአዲስ አበባ የአየር ማቀዝቀዣ ጋዝን ልክ ስለማረጋገጥ

በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ከቆላ ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈጁትም ስለዚሁ ነው። ፈሳሽ የሚፈላበት የሙቀት መጠን በላዩ በሚያርፈው ግፊት ይወሰናል፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ የመፍያው ሙቀትም አብሮ ይወርዳል። የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ በታሸገ ቧንቧ ውስጥ ስለሚኖር የውጭው አየር ግፊት አይደርሰውም። አር-134ኤ የተባለው ጋዝ ፍጹም ግፊቱ 350 ኪሎፓስካል ሲሆን በጅቡቲ ወደብም ሆነ በእንጦጦ ጫፍ በ5 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታ በቀጥታ የሚነካው ጋዙን ሳይሆን ጋዙን የሚለካውን ጌጅ ነው።

ልዩነቱ ለፊዚክስ ተማሪ ቀላል ነው። በጥገና ሥራ ላይ ግን ሲዘነጋ ይታያል። የጌጆች የፊት ገጽ፣ የጋዝ ግፊትና ሙቀት ሠንጠረዦች፣ የአምራቾች መመሪያዎችም በአብዛኛው የተዘጋጁት ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከተማዋ ለመኖሪያ ቤት ማቀዝቀዣ ብዙም ባያስፈልግም በሰርቨር ክፍሎች፣ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች፣ በሆቴሎችና በመሰብሰቢያ አዳራሾች ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ መሣሪያዎች አሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የባሕር ጠለልን ሠንጠረዥ እንዳለ መጠቀም የሚያስከትለው ስሕተት የዘፈቀደ አይደለም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል።

የጋዝ ልክ ሲጎድልና ሲበዛ

በሙያው ቋንቋ «ጋዝ» ወይም «ፍሪዮን» የሚባለው ንጥረ ነገር በመሣሪያው ውስጥ ግማሹን መንገድ በፈሳሽነት፣ ግማሹን በትነትነት ይጓዛል። በክፍሉ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር እየፈላ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል፤ ኮምፕረሰሩ ትነቱን ስቦ ይጨምቀዋል፤ በውጭው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይጤዛል፣ ማለትም ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ከዚያም በካፒላሪ ቱቦ ወይም በኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ መንገድ አልፎ ግፊቱ ከወረደ በኋላ እንደገና ይፈላል።

ጋዙ ሲጎድል ኢቫፖሬተሩ ጫፉ ድረስ በፈሳሽ አይዳረስም፤ የመጨረሻው ክፍል ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። በተለይ ሞተራቸውና ኮምፕረሰራቸው በአንድ እቃ በታሸጉ መሣሪያዎች ላይ የከፋ ጉዳት አለ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ተመልሶ የሚመጣው ቀዝቃዛ ትነት ስለሆነ፣ ትነቱ ሲያንስና ሲሞቅ ሞተሩ ይግላል፤ ከትነቱ ጋር መመለስ የነበረበት ዘይትም በቧንቧው ውስጥ ይዘገያል። ጋዙ ሲበዛ ደግሞ ትርፉ ፈሳሽ በኮንደንሰሩ የታችኛው ክፍል ይጠራቀምና ለመጤዣ የሚሆነውን ቦታ ይሻማል። ግፊቱና የኤሌክትሪክ ፍጆታው ይጨምራል፤ ካፒላሪ ባላቸው መሣሪያዎች ላይም ያልፈላ ፈሳሽ እስከ ኮምፕረሰሩ ሊደርስ ይችላል።

«ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ ላይ መታረም አለበት። ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከጎደለ ያፈሰሰ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መጨመር ገንዘብም ጋዝም ማባከን ነው። አንድ ኪሎግራም አር-410ኤ ወደ አየር ሲለቀቅ በመቶ ዓመት ስሌት ከ2,000 ኪሎግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን የሙቀት ተጽዕኖ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች ምርትና ፍጆታ ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ልክ የሚታወቅባቸው ሁለት ልዩነቶች

ግፊት ብቻውን የጋዙን መጠን አይናገርም። ፈሳሽና ትነት አብረው እስካሉ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ነው፤ ግማሹ በወጣ የጋዝ ጠርሙስም ሆነ በሙሉው ውስጥ በአንድ ሙቀት ያለው ግፊት አንድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የሚፈልገው በመፍያው ወይም በመጤዣው ሙቀትና ቧንቧው በትክክል ባለው ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ሱፐርሂት ይባላል። ወደ ኮምፕረሰሩ በሚመለሰው ወፍራም ቧንቧ፣ በሙያው ሳክሽን በሚባለው፣ ትነቱ ከመፍያ ሙቀቱ በላይ ምን ያህል እንደሞቀ ያሳያል። ሲበዛ ፈሳሹ ቀድሞ አልቋል፣ ጋዙ ሳይጎድል አይቀርም ማለት ነው፤ ሲያንስ ፈሳሹ እስከ ጫፍ ደርሷል። ሁለተኛው ሰብኩሊንግ ሲሆን ኮንደንሰሩን ለቆ በሚሄደው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከመጤዣ ሙቀቱ በታች ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ይለካል። ሲያንስ በኮንደንሰሩ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ጥቂት ነው፤ ሲበዛ ከልክ በላይ ነው።

የትኛው ልዩነት እንደሚያገለግል የሚወስነው የማጥበቢያው ዓይነት ነው። ካፒላሪ ወይም ቋሚ ቀዳዳ ባለው መሣሪያ ላይ የጋዙ መጠን በሱፐርሂት ይታወቃል፤ ተገቢው መጠንም እንደ ክፍሉ እርጥበትና እንደ ውጭው ሙቀት ስለሚለዋወጥ ከአምራቹ ሠንጠረዥ ይወሰዳል። ኤክስፓንሽን ቫልቭ ባለው ላይ ግን ቫልቩ ራሱ ሱፐርሂቱን እየጠበቀ ስለሚከፈትና ስለሚዘጋ፣ ጋዙ በእጅጉ እስኪጎድል ድረስ ሱፐርሂቱ ለውጥ ላያሳይ ይችላል። እዚያ የሚነበበው ሰብኩሊንግ ነው፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ በመሣሪያው ስም ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እንደ አር-407ሲ ያሉ ቅልቅል ጋዞች መፍላት በሚጀምሩበትና በሚጨርሱበት ሙቀት መካከል ጥቂት ዲግሪዎች ስላሉ ለሱፐርሂት የትነቱ ዓምድ፣ ለሰብኩሊንግ የፈሳሹ ዓምድ መነበብ ይኖርበታል።

ቧንቧው ላይ የሚታሰረው ቴርሞሜትር ከአየሩ በስፖንጅ ካልተሸፈነ፣ ማጣሪያዎቹና የኮንደንሰሩ ክንፎች ካልተጸዱ፣ መሣሪያውም ሥራው እስኪረጋ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ካልሠራ የሚወሰደው ንባብ ዋጋ የለውም። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ የሳክሽኑን ግፊት ያወርዳል፤ ግፊቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን እንደ ጋዝ ጉድለት ይቆጥረዋል።

ጌጁ የሚለካው ምንድን ነው?

በማኒፎልድ ላይ ያለው ባለመርፌ ጌጅ በውስጡ የታጠፈ ጠፍጣፋ ቱቦ አለው። ግፊት ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይሞክራል፤ እንቅስቃሴውም መርፌውን ያዞረዋል። ከቱቦው ውጭ ያለው የአካባቢው አየር ነው። ስለዚህ ጌጁ የሚያሳየው በጋዙ ግፊትና በአካባቢው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት እንጂ የጋዙን ፍጹም ግፊት አይደለም። በባሕር ጠለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። በአዲስ አበባ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎፓስካል በአሮጌ ጌጆች አሃድ ከ3.6 ፒኤስአይ ጋር ይቀራረባል።

ባለሙያው መርፌውን ከሥራ በፊት በአዲስ አበባ አየር ላይ ዜሮ አድርጎታል እንበል፤ ትክክለኛ ልማድ ነው። ነገር ግን በጌጁ ፊት ላይ የታተመው የሙቀት ቀለበት ያንን ዜሮ 101 ኪሎፓስካል እንደሆነ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በቀለበቱ ላይ የሚነበበው ሙቀት ሁልጊዜ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ነው።

ለስሌት ያህል በአር-134ኤ የሚሠራ አንድ መሣሪያ ይወሰድ። በአዲስ አበባ የዝቅተኛ ግፊት ጌጁ 250 ኪሎፓስካል ቢያሳይ በባሕር ጠለል ሠንጠረዥ ፍጹም ግፊቱ 351 ይሆንና የመፍያ ሙቀቱ 5 ዲግሪ ነው። እውነተኛው ፍጹም ግፊት ግን 326 ነው፤ መፍያውም 3 ዲግሪ። የሳክሽኑ ቧንቧ በ9 ዲግሪ ላይ ከሆነ ባለሙያው የሚያገኘው ሱፐርሂት 4፣ እውነተኛው ግን 6 ዲግሪ ነው። በከፍተኛው በኩል ጌጁ 1,000 ኪሎፓስካል ቢያነብ የባሕር ጠለሉ ስሌት የመጤዣውን ሙቀት 43 ያደርገዋል፤ እውነቱ 42 ነው። የፈሳሹ ቧንቧ 36 ዲግሪ ከሆነ ሰብኩሊንጉ 6 ሆኖ ሳለ 7 ይመስላል።

ሁለቱ ስሕተቶች እርስ በርስ አይጣፉም። ያነሰ ሱፐርሂት «ጋዙ በዝቷል» ይላል፤ የበዛ ሰብኩሊንግም እንዲሁ «ጋዙ በዝቷል» ይላል። አንዱን በሌላው ለማረጋገጥ የሚሞክር ጥንቁቅ ባለሙያ ሁለት ምስክሮች የተስማሙ ይመስሉታል፤ ሁለቱም ግን የሚናገሩት ከአንድ የተሳሳተ ዜሮ ተነሥተው ነው። ውጤቱም በልኩ ከነበረው መሣሪያ ጋዝ ማውጣት፣ ወይም የጎደለውን ሳይሞሉ መተው ይሆናል።

የስሕተቱ መጠን በሁሉም ጋዞች ላይ እኩል አይደለም። ግፊታቸው ከፍ ያለ ጋዞች ለአንድ ዲግሪ ለውጥ ብዙ ኪሎፓስካል ስለሚጨምሩ 25ቱ ያን ያህል አይጎዳቸውም። በ5 ዲግሪ አካባቢ በአር-134ኤ ላይ ስሕተቱ 2 ዲግሪ፣ በአር-22 ላይ 1.4፣ በአር-410ኤና በአር-32 ላይ 0.9 ያህል ነው። በመጤዣው በኩል፣ በ45 ዲግሪ አካባቢ፣ በአር-134ኤ 0.8 ሲሆን በአር-410ኤ ከግማሽ ዲግሪ በታች ይወርዳል። የዘመኑ የግድግዳ ስፕሊቶች በአብዛኛው በኋለኞቹ ጋዞች ስለሚሠሩ ጉዳዩ በእነርሱ ላይ ከቴርሞሜትሩ የራሱ ስሕተት ብዙም አይበልጥም። በአር-134ኤ በሚሠሩ ትልልቅ የሕንፃ ቺለሮችና በመኪኖች ላይ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ልዩነቱ እዚያ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በሰመራ ደግሞ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የጌጁን የሙቀት ቀለበት ትቶ በፍጹም ግፊት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ መያዝ፣ በጌጁ ንባብ ላይም የአካባቢውን የአየር ግፊት መደመር ይበቃል። ብዙዎቹ ዲጂታል ማኒፎልዶች ከፍታ ወይም የአየር ግፊት የሚገባበት ቦታ አላቸው፤ ሳይሞላ ከቀረ ግን ዲጂታል መሆናቸው ስሕተቱን ይበልጥ የሚታመን ከማስመሰል በቀር አይረዳም።

ባዶ ማድረግና የአየሩ ክብደት

ተመሳሳይ ግራ መጋባት ቧንቧውን በቫኪዩም ፓምፕ ባዶ በማድረግ ጊዜም ይከሰታል። መመሪያዎች መርፌው ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ እስኪጠጋ ይጠብቁ ይላሉ። በአዲስ አበባ ፍጹም ባዶ እንኳ ከ22.5 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚስብ አየር የለምና። ያልተገነዘበ ሰው ፓምፑ ደከመ ብሎ ያስባል። በተቃራኒው መርፌው 22 ላይ ሲደርስ በቃ ማለትም ስሕተት ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ገና ከ1 ኪሎፓስካል በላይ ቀርቷልና። ውሃ በ20 ዲግሪ የሚፈላው በ2.3 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ሲሆን እርጥበቱን ለማስወጣት ከዚያ እጅግ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። የተለመደው ግብ 500 ማይክሮን፣ ማለትም 67 ፓስካል ገደማ ነው። ይህን በመርፌ ጌጅ መለየት አይቻልም፤ ፍጹም ግፊትን የሚያነብ ኤሌክትሮኒክ የቫኪዩም መለኪያ የግድ ነው። በአዲሶቹ ጋዞች የሚሠሩ ኮምፕረሰሮች ዘይት እርጥበትን አጥብቆ የሚስብ በመሆኑ ጉዳዩ ይበልጥ ያሳስባል።

ከፍታ በሌላ መንገድም ይገባል፤ ይኸኛው መሣሪያውን ራሱን ይነካል። የአዲስ አበባ አየር በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠለሉ አየር በሩብ ያህል ይቀላል። አድናቂው ማራገቢያ በደቂቃ የሚያሳልፈው ይዘት ባይለወጥም የሚያሳልፈው ክብደት ይቀንሳል፤ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም በሲሶ የሚበልጥ ይዘት ያስፈልጋል። በኢቫፖሬተሩ በኩል ጭነቱ ስለሚያንስ የሳክሽኑ ግፊት ይወርዳል፤ ካፒላሪ ባለው መሣሪያ ላይ ሱፐርሂቱም ያንሳል። በኮንደንሰሩ በኩል አየሩ ሙቀቱን በሚገባ ስለማይወስድ የመጤዣው ግፊት ከፍ ይላል። የአምራቹ የሱፐርሂት ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ጠለሉ የአየር ክብደት ስለሆነ፣ የጌጁ ንባብ ቢታረም እንኳ ሠንጠረዡ ራሱ ፍጹም ዳኛ አይሆንም። ሳክሽኑን ብቻ የሚያይ ባለሙያ ዝቅ ያለውን ግፊት አይቶ ጋዝ ይጨምራል፤ ሱፐርሂቱን የሚያሰላው ደግሞ ይቀንሳል። አንድ መሣሪያ በሁለት ሰዎች እጅ ተቃራኒ ውሳኔ የሚሰጥበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

«ቧንቧው ላብ ካወጣ ሞልቷል» የሚለው የእጅ ዘዴም በደጋ አይሠራም። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ በ9 ዲግሪ ያለ የሳክሽን ቧንቧ ጋዙ በልኩ ሆኖም ደረቅ ሊሆን ይችላል። በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ጋዙ ጎድሎም ቢሆን ቧንቧው ይንጠባጠባል። ላቡ የሚናገረው ስለ አየሩ እርጥበት ነው።

ሚዛን

እነዚህ ችግሮች ሁሉ የማይነኩት አንድ ዘዴ አለ፤ ጋዙን በሚዛን መሙላት ነው። ኪሎግራም በእንጦጦም በአሰብም ያው ኪሎግራም ነው። በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈው መጠን እስከ ተወሰነ የቧንቧ ርዝመት ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር አምራቹ በሚሰጠው ልክ፣ በትንንሽ ስፕሊቶች ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ግራም፣ ይጨመራል። ዘዴው የሚጠይቀው ያለውን ጋዝ በሪከቨሪ ማሽን ወደ ጠርሙስ መሰብሰብን፣ ፍሳሹን ማግኘትንና መጠገንን፣ ባዶ ማድረግንና እንደገና መሙላትን ነው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ደንበኛውም ባለሙያውም አይወዱትም። ፍጥነታቸው በሚለዋወጥ ኢንቨርተር መሣሪያዎች ላይ ግን ግፊቱና ሱፐርሂቱ ከኮምፕረሰሩ ፍጥነት ጋር አብረው ስለሚቀያየሩ፣ በአምራቹ የሙከራ አሠራር ላይ ካልሆኑ በቀር፣ ከሚዛን የተሻለ ምርጫ የለም። ቅልቅል ጋዞች ከጠርሙሱ በፈሳሽነት መውጣት አለባቸው፤ በትነት ከወጡ ቅልቅሉ ሊዛባ ይችላል።

ጉድለቱ በግልጽ የሚጎዳው በመኪና ላይ ነው። አብዛኞቹ የመኪና ማቀዝቀዣዎች ለብዙ ዓመታት የሠሩት በአር-134ኤ ነው፤ አዳዲሶቹ የሚጠቀሙበት አር-1234ዋይኤፍም በግፊት ከእርሱ ጋር ይቀራረባል። የሚይዙት ግማሽ ኪሎ አካባቢ በመሆኑ የሃምሳ ግራም ጉድለት አንድ አሥረኛ ነው። በአዲስ አበባ ጋራዥ፣ የውጭው አየር 22 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት፣ በግፊት ብቻ የተሞላ መኪና እዚያው ሲፈተሽ ቀዝቃዛ አየር ይሰጣል፤ ጭነቱ ቀላል ነውና ጉድለቱ አይታይም። አዋሽን አልፎ ወደ አፋር ሲወርድ ኮንደንሰሩ በ38 ዲግሪ አየር ላይ ሲሠራ ነው እጥረቱ የሚገለጠው። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይኸው ጋዝ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ጉዳዩ ከተሳፋሪው ምቾት ያልፋል።

በሚዛን መሙላት በማይቻልበት ጊዜ ንባቡን ለማረም የሚያስፈልገው የአየር ግፊት ከየት እንደሚወሰድም ልብ ማለት ይገባል። በአየር ማረፊያዎች ዘገባና በአብዛኞቹ የስልክ የአየር ትንበያዎች ላይ ለአዲስ አበባ የሚታየው ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ የሆነ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተቀየረ ነው፤ እርሱን መደመር ስሕተቱን እንዳለ ይመልሰዋል። የሚያስፈልገው በቦታው የሚለካው ግፊት ነው፤ ባሮሜትር ያላቸው ስልኮች በቀጥታ ያሳዩታል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ይህ ግፊት ከቀን ወደ ቀን በጥቂት ሄክቶፓስካል ብቻ ስለሚለዋወጥ ለአንድ ሕንፃ አንድ ጊዜ ተለክቶ፣ ከሞላው ጋዝ ክብደት ጋር በመሣሪያው የጥገና ካርድ ላይ ቢጻፍ ለዓመታት ያገለግላል።